ጣርማ በር ላይ ያየሁት ሞገድ

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለአስተማሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አቃንቼዋለሁ። የጠቀስኳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እንደምን አደራችሁ! በዚህ ውርጭ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ መሞቃችሁን ትታችሁ እዚህ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የማወራውም ስለ ሙቀት ስለሆነ አይከፋችሁም ብዬ አስባለሁ።

ነገሬን ከመንገድ ልጀምር። ሐምሌ ላይ ነው። ከደብረ ሲና ወደዚህ በቅጥቅጥ እየመጣሁ ነበር። ዳገቱን ወጥተን ጣርማ በር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ዝናቡ አየለ። ጉሙም ወረደ። ያንን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉም ሲወርድ የራስን እጅ ማየት ይቸግራል። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። እኔ መስኮት ጋ ነበርኩ። ከጎኔ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ከመስኮቱ ሥር አስፋልቱ ይታየናል። ዝናቡ አስፋልቱን አልብሶታል። ውሃው ስስ ነው፤ የአስፋልቱ ጠጠር እንኳን ከሥሩ ይታያል። ግን ዝም ብሎ አይወርድም። መንገዱን ያቋረጠ መስመር ይሠራል። ከኋላው ሌላ መስመር ይመጣል። ከዚያ ሌላ። ልክ ነጠላ ሲታጠፍ እንደሚታየው እጥፋት። አንዳንዱ መስመር ፈጠን ይልና የፊተኛውን ይደርስበታል። ይውጠዋል። ሁለቱ አንድ ትልቅ መስመር ሆነው ይወርዳሉ።

ልጁ አየና “እማ፣ ውሃው ለምን ይታጠፋል?” አለ። እናቱም “ነፋሱ ነው፣ የኔ ጌታ” አለችው።

ነፋስ አልነበረም። ጉሙ ራሱ ቆሞ ነበር። ከዚያ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ መጣ። ልብ ብዬ አየሁት። ቅጠሉ ከውሃው ጋር ይወርዳል። መስመሮቹ ግን ከኋላው እየመጡ ያልፉታል። አንዱ አለፈው። ሁለተኛው አለፈው። ሦስተኛውም አለፈው። ውሃው ራሱ ቅጠሉን ይዞ እየሄደ፣ መስመሩ ግን ከውሃው ቀድሞ ሄደ። ይሄ እንዴት ይሆናል?

የልጁ ጥያቄና የቅጠሉ ነገር ናቸው ዛሬ እዚህ ያቆሙኝ።

በስስ ተነጥፎ የሚፈስ ፈሳሽ መሐንዲሶች ፊልም ይሉታል። እኔ ዛሬ ሽፋን ልበለው። ሽፋን በየቤታችን አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሽፋን ነው። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ውስጥ የሚያልበውም ሽፋን ነው። ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ ውሃ ስታፈሱበትም እንደዚያው።

እስቲ ቁጥር እንስጠው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከላይ በስፋቱ ሁሉ እኩል ውሃ ልቀቁበት፣ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሊትር። ውሃው መስታወቱን ሲወርድ ውፍረቱ ስንት ይሆናል? ስሌቱ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይላል። ሦስት የደብተር ወረቀት ቢደራረብ ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 32 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን ውሃውን እጥፍ አድርጉት። ውፍረቱ እጥፍ የሚሆን ይመስላችኋል። አይሆንም። በሩብ ያህል ብቻ ይጨምራል። ውፍረቱን እጥፍ ለማድረግ ውሃውን 8 እጥፍ መልቀቅ አለባችሁ። ሽፋኑ ትንሽ በወፈረ ቁጥር በጣም ስለሚፈጥን ነው።

ይህን ስሌት በ1916 አጥርቶ ያወጣው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ኑሰልት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስበት ውሃውን ወደ ታች ይጎትታል። ግድግዳው ደግሞ የነካውን ውሃ ይይዛል። ግድግዳው ጋ ያለው ውሃ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ እየፈጠነ ይሄዳል። የላይኛው ገፅ ከአማካዩ 1.5 እጥፍ ይፈጥናል። ኑሰልት ከዚህ ተነስቶ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲጤዝ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያልፍ አሰላ። ከ100 ዓመት በኋላም የምሕንድስና ተማሪ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ኑሰልት ግን አንድ ነገር ገምቷል። የሽፋኑ ገፅ ለስላሳ ነው ብሏል። የጣርማ በሩ ውሃ ለስላሳ አልነበረም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ውሃው ለምን ይታጠፋል?

ሽፋኑ ላይ አንድ ቦታ በትንሹ ወፈር ቢልስ? የመንገድ ጠጠር ሊያወፍረው ይችላል፣ የዝናብ ጠብታም እንደዚያው። ወፈር ያለው ቦታ ይፈጥናል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጉብታው ከፊቱ ያለውን ስስ ውሃ ይደርስበታል፤ ፊቱ ቀጥ ይላል፣ ጀርባው ይሳባል። ጎርፍ ሲመጣ ግንባሩ እንደሚቆመው ማለት ነው።

ይህ ግን ጉብታው ለምን እንደሚያድግ አይነግረንም። የሚያሳድገው ውሃው ቶሎ የማይፈጥን፣ ቶሎም የማይቆም መሆኑ ነው። ሽፋኑ ሲወፍር ፍጥነቱ በዚያችው ቅጽበት አይስተካከልም። ይዘገያል። የተጫነ አይሱዙ ነዳጅ ሲረገጥ ወዲያው እንደማይፈተለክ፣ ፍሬን ሲያዝም ወዲያው እንደማይቆም አስቡት። በዚያች መዘግየት ከኋላ የመጣው ውሃ ጉብታው ጋ ይከማቻል። ጉብታው ያድጋል። ሲያድግ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል።

የሚያረጋጋ ኃይልም አለ። ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ የውሃው ክብደት ጉብታውን ወደ ጎን ይደፈጥጠዋል። የገፅ ውጥረትም አለ፤ የውሃ ገፅ እንደ ተወጠረ ቆዳ ነው፣ መሸብሸብ አይወድም። ቁልቁለቱ በቆመ ቁጥር ግን ክብደቱ መደፍጠጡን እየተወ መጎተቱን ይይዛል። እንግሊዛዊው ብሩክ ቤንጃሚን በ1957፣ ከዚያም ቺያ-ሹን ዪህ በ1963 ይህን በስሌት አሳዩ። ቀጥ ብሎ በቆመ ግድግዳ ላይ የሚወርድ ሽፋን፣ ውሃው የፈለገውን ያህል ትንሽ ይሁን፣ መሞገዱ አይቀርም። ሞገዱ በጣም ቀስ ብሎ ሊያድግና ዓይን ላያየው ይችላል። ግን አለ።

አስፋልት ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም። እዚያ የተወሰነ የውሃ መጠን ያስፈልጋል። እንደ ጣርማ በር ላለ ዳገት ግን መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ዶፍ ከበቂ በላይ ነው።

ቅጠሉስ? ስሌቱ የሚለው ይገርማል። በቀጭን ሽፋን ላይ የሚሄዱ ረጃጅም ሞገዶች ሲጀምሩ ከውሃው አማካይ ፍጥነት 3 እጥፍ ይሮጣሉ። በጣም ፈጣን ከሆነው ከላይኛው ገፅ እንኳን 2 እጥፍ ነው። ቅጠሉ ያለው ገፁ ላይ ነው። ስለዚህ ሞገዱ አልፎት ሄደ።

ሞረትና ጅሩ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? መስከረም መጨረሻ ላይ ስንዴው ሳይደርስ፣ አረንጓዴ ሳለ። ነፋስ ሲመጣ ማሳው ላይ ሞገድ ይሄዳል፣ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ። ስንዴው ግን የትም አልሄደም። ሥሩ እዚያው ነው። እያንዳንዱ አገዳ ጎንበስ ብሎ ተነሳ፣ በቃ። የሄደው ጎንበስ ማለቱ ነው። ውሃውም ላይ የሚሮጠው መወፈሩ ነው። አንዱ ውሃ ወፈር ይልና መወፈሩን ለፊተኛው አስረክቦ ይቀራል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን መስታወት እዩት። የመስኮት መስታወት ነው፣ ከብረታ ብረት ቤት የተቆረጠ። ከላይ የተቀዳደደ የፕላስቲክ ቱቦ አለው። ውሃው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሬበታለሁ። ከኋላው ነጭ ወረቀት አለ። አሁን ቧንቧውን ትንሽ ከፈት ላድርገው። ከላይ በኩል ያለችውን አንድ ስንዝር እዩ። ምንም የለም፤ ገፁ እንደ መስታወቱ ለስላሳ ነው። ዝቅ ስትሉ ቀጫጭን፣ እኩል እኩል የተራራቁ መስመሮች ይጀምራሉ። ከዚያ ይበልጥ ወረድ ስትሉ መስመሮቹ ይሰባበራሉ፣ ይዋዋጣሉ። ታች ላይ ግን ትላልቅ ጉብታዎች ብቻ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጉብታ ፊት ደግሞ ጥቃቅን ሽብሽቦች አሉ። እነዚያን ሽብሽቦች የሚሠራቸው የገፅ ውጥረቱ ነው። ጉብታው ሲገፋው ፊት ለፊቱ ይሸበሸባል። ተማሪዎች፣ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ መስታወቱን ግን አትንኩት፣ የእጅ ቅባት ውሃውን ይገፋዋል።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳምሮ የለካው ሰው ታሪክ አለው፤ ልንገራችሁ። ፒዮትር ካፒጻ ይባላል፣ ሩሲያዊ ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ከራዘርፎርድ ጋር ሲሠራ የነበረ ትልቅ የፊዚክስ ሰው ነው። በ1934 አገሩን ሊጠይቅ ሄዶ እንዳይመለስ ተከለከለ። በ1946 ደግሞ ከባለ ሥልጣናቱ ጋር ተጋጨና ከኃላፊነቱ ተነሳ። ራሱ ካቋቋመው ተቋም ወጣ። ከሞስኮ ወጣ ብሎ የሚገኝ የገጠር ቤቱ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይቀመጥ ነበር። ካፒጻ በዚያ ቤት ትንሽ ቤተ ሙከራ አቆመ። ረዳቱ ልጁ ሰርጌይ ነበር። ትልቅ ማሽን የለም። ስለዚህ ትልቅ ማሽን የማይፈልግ ጥያቄ መረጠ። ቀጥ ባለ የመስታወት ቧንቧ ላይ ውሃና አልኮል እያወረዱ፣ ብርሃን እያበሩበት ፎቶ አነሱት። ስሌቱን በ1948፣ ሙከራውን ከልጁ ጋር በ1949 አሳተመ። ዛሬ ዓለም ላይ ስለ ስስ ሽፋን ሞገድ የሚጽፍ ሁሉ የካፒጻ ሞገድ ይለዋል። ሰውዬው በ1978፣ በ84 ዓመቱ፣ ኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱ ግን ለሌላ ሥራው ነው፣ ለቅዝቃዜ ፊዚክስ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ የአባትና የልጁ ቧንቧ ነው። አንድ የመስታወት ቧንቧ፣ ውሃ፣ መብራትና ካሜራ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ልጆች ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ በሰከንድ ብዙ ፎቶ ያነሳል። ይህን ሙከራ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የምሬን ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ።

አክስቴ አረቄ ታወጣ ነበር፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሷ ጋ እከርም ነበር። ድፍድፉ ያለበት ማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በሊጥ ይመረጋል። ከአፉ ላይ ሸምበቆ ይወጣና ወደ ሌላ ዕቃ ይገባል። ያ ዕቃ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። የእኔ ሥራ ውሃውን መጠበቅ ነበር። እጄን ነክሬ “እትዬ፣ ሞቀ” ስል እሷ ትቀይረዋለች። ማሰሮው ሥር ያለው እሳት ዋናው ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ ከውሃው ላይ አይነሳም። “እሳቱንማ ማንም ያነደዋል” ትል ነበር።

አሁን ሲገባኝ ልክ ነበረች። እንፋሎት ወደ ፈሳሽ ሲመለስ የሚያወጣው ሙቀት ብዙ ነው። በነገራችን ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ90 ገደማ ነው። ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ከ95 ይበልጣል። አንድ ኪሎ የውሃ እንፋሎት እዚህ ሲጤዝ ወደ 2,280 ኪሎጁል ያወጣል። ያው አንድ ኪሎ ውሃ ከፈላ በኋላ ከ90 ወደ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ግን የሚያወጣው 293 ገደማ ነው። እንፋሎት ሲጤዝ የሚለቀው ወደ 8 እጥፍ ነው ማለት ነው። ይህ ሙቀት ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። መሄጃው በዕቃው ግድግዳ በኩል ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ሲጤዝ ስስ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው እንፋሎት ግድግዳውን አያገኝም። የሚያገኘው ሽፋኑን ነው። ሙቀቱ በውሃው ውስጥ ማለፍ አለበት። ውሃ ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ሰነፍ ነው። መዳብ ከውሃ 600 እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ውሃው ራሱ ለራሱ ብርድ ልብስ ይሆናል። ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር ሙቀቱ በቀላሉ ያልፋል። በወፈረ ቁጥር ይታገዳል።

እና ሞገዱ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው ሲገምት፣ አንዱ ቦታ ሲወፍር ሌላው ቦታ ሲሳሳ ይካካሳል ይላል። እስቲ እናስላው። እስክሪብቶ አያስፈልግም።

ለስላሳ ሽፋን፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ይሁን። የሚያልፈውን ሙቀት 1 እንበለው። አሁን ያንኑ ውሃ ግማሹን ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር፣ ግማሹን ቦታ አንድ ሚሊሜትር ተኩል አድርጉት። አማካዩ ያው 1 ነው። አንድ ጠብታ አልጨመርንም። በስሱ በኩል ሙቀቱ እጥፍ ያልፋል፣ 2። በወፍራሙ በኩል 0.67 ያልፋል። አማካዩን ውሰዱ። 1.33። በአንድ ሦስተኛ ጨመረ! ስሱ ቦታ የሚያተርፈው ወፍራሙ ከሚያጎድለው ይበልጣል። አይካካሱም።

እውነተኛው ሞገድ ከዚህም የተሻለ ሥራ አለው። በትላልቆቹ ጉብታዎች ውስጥ ውሃው ይሽከረከራል። ሞቃቱን ከላይ ወስዶ ወደ ግድግዳው ያመጣል፣ ቀዝቃዛውን ከግድግዳው አንስቶ ወደ ላይ ያወጣል። በጉብታዎቹ መሀል ደግሞ ረጅም ስስ ሜዳ ይቀራል። አብዛኛው ውሃ በጥቂት ጉብታዎች ተሸክሞ ይሄዳል፣ አብዛኛው ሙቀት ግን በስሱ ሜዳ በኩል ያልፋል። እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ይህችን ነገር ነው። የምሕንድስና መጻሕፍት በኑሰልት ስሌት የወጣውን ቁጥር ለሞገዱ ብለው 20 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጉታል። በአንዳንድ ሁኔታ ጭማሪው ከዚያም ይበልጣል።

ይህ ነገር የት የት ይገባል? የዱቄት ወተት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ወተቱን ለማወፈር በረጃጅም የቆሙ ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በሽፋን ያወርዱታል። ከውጭ እንፋሎት ያሞቀዋል። ወተቱ በቶሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሳይቃጠል ውሃው ይተናል። የባሕር ውሃ ጨዉን የሚለዩ ፋብሪካዎችም ሽፋን ይጠቀማሉ። እዚሁ ከተማችን ቢራ ፋብሪካ የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ነገር ታውቃላችሁ፤ ትልቁ ጋን ሲታጠብ ከላይ ይረጫል፣ ግድግዳውን የሚያጥበው ግን የሚወርደው ሽፋን ነው። ሞገዱ ሲያልፍ ግድግዳውን ፈተግ ያደርገዋል። ሽፋኑ ያልደረሰበት ቦታ አይጠራም።

ሽፋኑ ያልደረሰበት ቦታ አልኩ። ሽፋን ላይ የሚያስፈራው ነገር ይሄ ነው፣ መበጠሱ። ለዚህ ደግሞ መለኪያ አምጥቻለሁ። አረቄ መለኪያ። ውስጡ ዳግም አረቄ አለ። አይጠጣም፣ ለማየት ነው።

መለኪያውን ዞር ዞር አድርጌ አስቀመጥኩት። ከአረቄው በላይ ያለውን መስታወት እዩ። ስስ ሽፋን ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ! ከዚያ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ይጠራቀምና እንባ ሆኖ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ሌላው ይወጣል። ጄምስ ቶምሰን የሚባል ሰው በ1855 ምክንያቱን ተናገረ፤ ጣልያናዊው ካርሎ ማራንጎኒ ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ አጠናው፣ ስሙም በእሱ ቀረ። ምክንያቱ የገፅ ውጥረት ነው። የንጹህ ውሃ የገፅ ውጥረት ከንጹህ አልኮል ከ3 እጥፍ በላይ ነው። በስሱ ሽፋን ላይ አልኮሉ ቶሎ ይተናል፣ ውሃው ይበዛል። ስለዚህ ያ ቦታ ይወጠራል። የተወጠረው ያልተወጠረውን ይጎትታል። አረቄው መስታወቱን የሚወጣው ተጎትቶ ነው።

ሙቀትም እንደ አልኮል ይሠራል። ውሃ ሲሞቅ የገፅ ውጥረቱ ይላላል። አሁን በጣም የሞቀ ቧንቧ ላይ የሚወርድ ስስ ሽፋን አስቡ። አንድ ቦታ ትንሽ ይሳሳል። የሳሳው ቦታ ይሞቃል። የሞቀው ገፅ ይላላል። ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ገፅ ውሃውን ወደ ራሱ ይጎትታል። ቦታው ይበልጥ ይሳሳል፣ ይበልጥ ይሞቃል። በመጨረሻ ይበጠሳል። ደረቅ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ላይ ወተት ከሆነ ያርራል፣ ብረትም ከሆነ ይጎዳል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሽፋኑ እንዲሳሳ ይፈልጋል፣ እንዲበጠስ ግን አይፈልግም። ሞገዱ እዚህም ይገባል፤ ጉብታው ሲያልፍ ሊደርቅ ያለውን ቦታ እንደገና ያርሰዋል። አንዳንዴ ደግሞ በሁለት ጉብታ መሀል ያለውን ሜዳ አለቅጥ ያሳሳዋል። ሁለቱም ይሆናል።

ንግግሬ እዚህ አልቆ ጥያቄ ተጀመረ። ተማሪዎች ጥሩ ጥሩ ጠየቁ። ግን አንዱን ጥያቄ ብቻ ልጻፈው።

ከኋላ የተቀመጡ እናት እጃቸውን አነሱ። “እኔ አረቄ አወጣለሁ። ያልከው ገብቶኛል። እንግዲህ ውሃው እንዲሞገድልኝ ዕቃውን ቀጥ ላድርገው ወይስ ላጋድመው?” አሉ።

ጥያቄው ከሁሉም ከባዱ ነበር። ሰሌዳው ጋ ሄጄ አብረን አሰላነው።

“እትዬ፣ ዕቃዎ ሸክላ ነው?” አልኳቸው።

“ሸክላ ነው።”

ሸክላው አንድ ሳንቲሜትር ይወፍራል እንበል። ውስጡ ያለው የአረቄ ሽፋን የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ይሁን። ሙቀቱን የሚያግደው ማን ነው? ሽፋኑን እንደ ውሃ ቆጥረን ስናሰላው ሸክላው ከሽፋኑ 75 እጥፍ ገደማ ያግዳል። ስለዚህ ሽፋኑ ቢሞገድም ባይሞገድም ለእሳቸው ለውጥ የለውም። ሙቀቱ የሚቆመው ሸክላው ጋ ነው። ይህን ስናገር እውነቴን ነው፣ ትንሽ ከበደኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሞገድ አውርቼ፣ ለአክስቴ ማሰሮ ሞገዱ አይፈይድም ማለት ነው። ቁጥሩ ግን እንደዚያ ይላል።

“ብረት ባደርገውስ?”

ብረት ቢሆን፣ መዳብ ቢሆን በተለይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሚሊሜትር መዳብ ምንም አያግድም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ሽፋኑ ከመዳቡ 60 እጥፍ ያግዳል፤ ሞገድም ዋጋ ያገኛል። ግን አስጠነቀቅኳቸው፣ እናንተንም አስጠነቅቃለሁ። የአሮጌ መኪና ራዲያተር ወይም በእርሳስ የተበየደ ቧንቧ በፍጹም አይሁን። እርሳሱ አረቄው ውስጥ ይገባል፣ ሰው ይመርዛል።

“እሱስ ይቅር። ሸክላዬን አልለቅም” አሉ። “እና ምን ላድርግ?”

ከሸክላው ውጭ ያለውን ውሃ ተመለከትን። የቆመ ውሃ ዕቃው ዳር ዳሩን ይሞቅና እዚያው ይቀመጣል። እሱም ራሱን የቻለ ብርድ ልብስ ነው። የሞቀው ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይ እየተቀዳ ቢወጣ፣ ቀዝቃዛው ከታች ቢገባ፣ ወይም ዕቃው የሚሄድ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። ሸክላውም ሳሳ ያለ ቢሆን ይረዳል።

እናትየው ትንሽ አሰቡና “ከቤቴ ጓሮ ምንጭ ትወርዳለች። ባልዲ ከማመላልስ ዕቃውን እዚያው ወስጄ እጥደዋለሁ” አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ደብተሯን አውጥታ ምንጯ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደምትሰጥ በባልዲና በስልክ ሰዓት እንዴት እንደሚለካ ጠየቀችኝ። ቁጭ ብለን ጻፍነው።